ለሦስት ሰዓት የወረድንባት ከተማ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ገና ከመነሻው ብናገር ይሻላል፤ ከእኔ አፍ ካልሰማችሁት ከእህቴ አፍ መስማታችሁ አይቀርም። ሰው ሁለት ነገር ይዞ ከመጣ ዓይኔ የሚሄደው ለእኔ ወደተሰጠው ሳይሆን ለሌላው ወደተሰጠው ነው። አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሲቀዳ ዛሬም አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብርጭቆ የበለጠ የሞላ ይመስለኛል።

ያን ቀን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ሚጢጢ ደግሞ ስድስት። መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን አስተማሪዋ ብቻ ነበረች። እኔን ሁሉም ሰው «ትልቋ» ነበር የሚለኝ። ትልቋ ውሃ አምጪ፣ ትልቋ እህትሽን ያዣት፣ ትልቋ አንቺ እንኳ ተይላት። አባታችን ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። እናታችን በዋናው ከተማ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሥራ አግኝታ ቤታችንን ለቀን ነበር የምንጓዘው፤ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ድስት ይዘን። መንገዱ ረጅም ስለሆነ መሃል ላይ ወርዶ ሌላ አውቶብስ መያዝ ያስፈልጋል። የምንወርድባት ትንሽ ከተማ ውስጥ የእናቴ ታላቅ እህትና ባሏ ኬክ ቤት ነበራቸው። «ሦስት ሰዓት እንቆያለን። አክስታችሁ ከተማውን ታሳያችኋለች፣ ኬክ ትበላላችሁ» ብላን ነበር እናቴ።

ያልነገረችን ነገር ነበር። ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ የሚሰጠው ክፍል ውስጥ ከአንድ ልጅ በላይ ይዞ መግባት አይቻልም። ከሁለታችን አንዳችን አክስቴ ቤት መቅረት አለብን። የትኛችን እንደምትቀር እናቴ ቤት ሳለች በልቧ ጨርሳዋለች፤ ሚጢጢ ነበረች። ትንሽ ልጅ ቶሎ ትለምዳለች፣ ቶሎ ትረሳለች፣ ትልቋ ግን አትረሳም ብላ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የማውቀው፣ እግራችን መሬት ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያየው እህቴን ብቻ እንደሆነ ነበር።

አክስቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ከእናቴ ትረዝማለች፣ ትወፍራለች፤ ልብሷ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል። እኔን ግንባሬን ሳመችኝ። ሚጢጢን ግን ተንበርክካ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ብዙ አየቻት። ከዚያ አቅፋ አልለቅ አለቻት። ስትነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ መንገድ ላይ እንዲህ አይሆንም» አለቻት እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አደረግኩ?»

«ምንም። ልጆቹ ያያሉ ብዬ ነው።»

አየሁ እንጂ፣ እንዴት አላይም። አንዷ ግንባሯን ተስማ አለፈች፣ አንዷ ታቅፋ ተለቀሰላት። ድስቱን በሁለት እጄ ይዤ ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ኬክ ቤቱ ስድስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ነበረው። ሳጥኑ ውስጥ ኬኮቹ በተርታ ተደርድረዋል፤ ክሬም የተቀባው፣ ቸኮሌት የፈሰሰበት፣ ሲነክሱት እየተፈረፈረ ልብስ ላይ የሚራገፈው ስስ ንብርብር። የአክስቴ ባል ከጓዳ ወጣ። ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ላይ የሰፈረው ዱቄት ከዕድሜው አሥር ዓመት ይጨምርበታል። «ጋሼ በሉት» ተባልን።

«እነዚህ ናቸው?» አለ።

«እነዚህ ናቸው» አለች አክስቴ፤ እጇ ግን ያረፈው የሚጢጢ ትከሻ ላይ ነበር።

ሁለት ቁራጭ ኬክ መጣልን። የሚጢጢ ላይ እንጆሪ አለ፤ የእኔ ላይ የለም። ክሬሙን እየላስኩ ያቺን እንጆሪ አፍጥጬ አየኋት። ሚጢጢ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትበላ ልጅ ናት፤ ጥግ ላይ አስቀምጣ ታስጎመጀኛለች። አሁን ያንን ኬክ የማዘጋጀው ራሴ ነኝ። አሥራ ስድስት ቦታ ይቆረጣል፤ የሚደረግበት እንጆሪ ስምንት ነው። ማን እንደሚደርሰው ማንም አስቦበት አያውቅም። ያን ቀን ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖርም አላምነውም ነበር።

ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ላይ ስወጣ በስተቀኝ ያለው ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አጮለቅኩ። አዲስ የልጅ አልጋ፣ ፕላስቲኩ ገና ተላቅቆ ያላለቀ ፍራሽ፣ ሰማያዊ አልጋ ልብስ፣ ትራሱ ላይ ደግሞ ሲያስተኟት ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት። በሕይወቴ ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም፤ የሚጢጢ ክርን ጎኔን ሳይወጋኝ ያደረበት ቀን የለም። ከታች የአክስቴና የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

«አልጋው ትናንት ነው የመጣው። ያንስባት ይሆን?»

«ለሚጢጢ ይበቃታል። አሁን ግን እንዳታሳያት። እኔ ልሂድና።»

«ትልቋስ ምን ትል ይሆን?»

«የትልቋን ነገር ለእኔ ተይው። ለእሷ እኔ አለሁላት።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለሚጢጢ አልጋ፣ ለሚጢጢ አሻንጉሊት፣ ለእኔ «እኔ አለሁላት»። ስንሄድ አልጋው አውቶብሱ ጣራ ላይ እንደሚጫን ጥርጥር አልነበረኝም፤ ስንመጣ ቁም ሣጥን ሳይቀር ሲጫን አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እሷ በአልጋዋ ላይ ተንፈላስሳ፣ እኔ ወለል ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ዕድሜ ልካችንን ስንኖር ታየኝ። ዛሬ ያቺ «እኔ አለሁላት» የምትለው ቃል ትዝ ስትለኝ የያዝኩትን አስቀምጬ ለትንሽ ጊዜ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ ግን ከደረጃው ስነሳ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ያ አልጋ የእኔ መሆን አለበት።

እናቴ «ራሴን አሞኛል» ብላ ቀረች። አክስቴ እኛን ይዛ ወጣች። በቀኝ እጇ ሚጢጢን፣ በግራዋ ቦርሳዋን ይዛለች፤ እኔ ከቦርሳው ጎን ነኝ።

ከተማዋ የዋና መንገዷን አንድ ጫፍ ይዛችሁ ሌላው ጫፍ ስትደርሱ አፋችሁ ውስጥ ያለው ከረሜላ የማያልቅባት ነበረች። ማዘጋጃ ቤቱ ማማ ላይ ባለ ሁለት ፊት ሰዓት አለ፤ በወንዙ በኩል ያለው ፊት በገበያው በኩል ካለው አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድማል። አክስቴ «ለዚህ ነው የወንዝ ማዶ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሮጡት» ስትል ሚጢጢ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከእሷ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አክስቴ ግን የእህቴን ሳቅ ነው ያየችው።

ድልድዩ ሥር ሴቶች ሰፋፊ መጥበሻ ጥደው የወንዝ ዓሣ ይጠብሳሉ። ዘይቱ ይንጫጫል፤ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በወረቀት ላይ ይሰጣል። ቆዳው ጥርስ ሥር ቅርጭጭ ይላል፤ ውስጡ ነጭና ትኩስ ነው። አክስቴ የሚጢጢን ዓሣ እሾኩን በጣቷ አንድ በአንድ እየለቀመች አቀረበችላት። የእኔን ራሴ ለቀምኩ። አንድ እሾክ ጉሮሮዬ ላይ ተሰካና ለማንም ሳልናገር ምራቄን እየዋጥኩ ድልድዩን ተሻገርኩ።

ከማዶ ፎቶ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ ተሥሏል። አክስቴ ሚጢጢን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞር ብላ «ትልቋ፣ ኮቱን ያዥልን የኔ ልጅ» አለችኝ። ኮቱን ይዤ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆምኩ። ያ ፎቶ ዛሬም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አክስቴ ልጄ ትሆናለች ብላ የጠበቀቻትን ልጅ ታቅፋ፣ ከኋላዋ መርከብ። «አወርደዋለሁ» እንዳለች ሳታወርደው ሞተች። አቧራውን በየሳምንቱ ስጠርግ የሚጢጢን ፊት ትንሽ ጫን ብዬ ነው የምጠርገው።

ከፎቶ ቤቱ ስንወጣ አክስቴ ከአንዲት ባለ ሱቅ ቢጫ የሱፍ ባርኔጣ ገዝታ ለሚጢጢ አጠለቀችላት። «ባለ ሱቋ አንድ ብቻ ነው ያላት» አለችኝ እኔን ሳታየኝ። በዚያ ሰዓት ብናገር ከአፌ እሳት የሚወጣ ነው የመሰለኝ።

አደባባዩ መሃል በድንጋይ የተሠራ ሰፊ የውሃ ገንዳ አለ። ውሃው ከተራራ በቧንቧ የሚወርድ ስለሆነ በበጋም አጥንት ይሰብራል። ጠርዙ ላይ ተቀመጥን። አክስቴ ጭሱ የሚወጣ ጥብስ ድንች በወረቀት ጠቅልላ አመጣችና «ሚጢጢ ትያዘው፣ እጇ እንዳይበርዳት» አለች። ከዚያ ብርቱካን ከምትሸጥ ከምታውቃት ሴት ጋር ወሬ ጀመረች። ሚጢጢ ድንቹን በሁለት እጇ እንዳቀፈች ሞቃትና ባርኔጣዋን አውልቃ በመሃላችን አስቀመጠችው።

ያን ያህል አላሰብኩበትም። ክርኔን ነው ያንቀሳቀስኩት፤ ትንሽ፣ ቸል ብዬ፣ ሌላ ቦታ እያየሁ። ባርኔጣው ውሃው ላይ ለአፍታ ተንሳፈፈ፣ ውሃውን ጠጣና ቀስ ብሎ መስጠም ጀመረ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ድንች አንድ ቁራጭ ለማላመጥ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልቆየም። አክስቴ ካየች አለቀልኝ፤ አልጋውም፣ አሻንጉሊቷም፣ ሁሉም። ቶሎ ብዬ እጅጌዬን ሳልሰበስብ እስከ ክርኔ ገባሁ። ባርኔጣው ወደ ማፍሰሻው ቱቦ እየተሳበ ነው። ጎንበስ ብዬ ዳበስኩ፣ ደረስኩበት ስል ያመልጠኛል። ጣቶቼ መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ቀጥሎ አመሙኝ፣ በመጨረሻ የእኔ አልሆን አሉ። ቱቦው ባርኔጣውን ዋጠው። ሚጢጢ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

አክስቴ ሮጣ መጣች። ያየችው እህቴ ስታለቅስና እኔ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስፈልግላት ነው።

«ውይ የኔ እናት» አለችኝ እኔን። «ለእህትሽ ብለሽ ነው እንዲህ የሆንሽው?»

አንገቴን ደፋሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው የእኔን እጅ ነበር፤ እኔ ግን በድን ስለሆነ የጣቶቿን ሙቀት እንኳ አልሰማሁትም። ሚጢጢ ድንቿን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች እያነባች ተከተለችን።

ኬክ ቤቱ ስንደርስ ጋሼ ጓዳ ውስጥ ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ እዚያ ክፍል ሆን ተብሎ አይሞቅም። እብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ ሊጥ ዳምጦ፣ በላዩ ቅቤ ዘርግቶ፣ እንደ አንሶላ ያጥፈዋል፣ እንደገና ይዳምጠዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል። ትኩስ እጅ ከነካው ቅቤው ይቀልጥና ንብርብሩ ይጠፋል፤ ከምድጃ የሚወጣው ኬክ ሳይሆን ብስኩት ይሆናል። ጋሼን ሙያውን ያስተማረው ሰው ተለማማጅ የሚቀበለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ መዳፉ ላይ ቅቤ አስቀምጦ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ጋሼ ልጅ የለውም። እቤቱ የምትመጣ ልጅ ያቺን ፈተና ሳታልፍ ልጁ ልትሆን እንደማትችል በልቡ ወስኗል፤ ለሚስቱም አልነገራትም።

«ነይ አንቺም፣ አንቺም። እጃችሁን ዘርጉ» አለን።

ከቅቤው እኩል እኩል ሁለት ቁራጭ ቆርጦ መዳፋችን ላይ አኖረ። መቁጠር ጀመረ። ሰባት ሲል የሚጢጢ ቅቤ አብለጨለጨ። አሥራ አምስት ሲል በጣቶቿ መሃል ወደ አንጓዋ ወረደ፤ ላሰችው። የእኔው ግን አራት ጥጉን እንደያዘ ቁጭ ብሏል። ሃያ አለ። ከዚያ ዝም ብሎ እስከ አርባ ቀጠለ። ጎንበስ ብሎ እጄን እንደ ዕቃ አገላብጦ አየው።

«ነይ እስቲ ተመልከቺ» ብሎ ሚስቱን ጠራት። «የኬክ እጅ ማለት ይቺ ናት። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ አላየሁም።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ጋሼ፣ የተነጋገርነው እኮ ስለ ሌላዋ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እይው፤ ጥጉ እንኳ አልለዘበም።»

«ልቧም ደግ ነው» አለች አክስቴ። «ለእህቷ ባርኔጣ ብላ አደባባዩ ገንዳ ውስጥ ልትገባ ነበር። እኔ ተሳስቼ ነው መሰለኝ ሌላዋን ሳይ የዋልኩት።»

«እትዬ፣ ትልቋን ተይልኝ። ትንሿ ትሁንልሽ።»

ማሸነፌን ሁሉም አይቷል፤ እናቴ ብቻ ለሚጢጢ ልትነጥቀኝ ነው። «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» አልኩ፤ ቅቤውን እንደያዝኩ።

እናቴ መጣችና ፊቴ ተንበረከከች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ የተንበረከከ ሰው እሷ ነበረች።

«እዚህ፣ አክስትሽ ጋ፣ መቆየት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

«አልጋው የእኔ ይሆናል?»

እናቴ ዞራ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች።

«ያንቺ ይሆናል።»

«ሚጢጢስ?»

«ሚጢጢ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

ስለዚህ ሚጢጢ አልጋውን አታገኝም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቆዪ ስትባል እስከ መቼ ብላ አትጠይቅም።

«እቆያለሁ» አልኩ።

እናቴ ከተንበረከከችበት ቶሎ አልተነሳችም። ተናደደች አልኩ በልቤ፤ የምትወዳት ልጅ ስለተሸነፈች ተናደደች።

አክስቴ ሽርጥ አምጥታ ሁለቴ አጥፋ አስታጠቀችኝ። ወደ መናኸሪያው ስንሄድ ለሚጢጢ ስለ አልጋው ነገርኳት። ስለ ሰማያዊው አልጋ ልብስ፣ ስለ አሻንጉሊቷም፤ ዓይኗን እንደምትከድንም ሳልረሳ። አውቶብሱ ሲነሳ እህቴ መስኮቱን እየደበደበች «እኔም እቆያለሁ፣ እኔም» እያለች ትጮህ ነበር። ሽርጤን እያሳየሁ እጄን አውለበለብኩላት። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። አኩርፋኛለች ብዬ እኔም አኮረፍኩ። ብርድ ልብሱን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ እንደነበር እህቴ የነገረችኝ ሁለታችንም ልጆች ከወለድን በኋላ ነው።

ሁለት ቀን እንደ ንግሥት ኖርኩ። በሦስተኛው ቀን «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩ። አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከእንግዲህ የምኖረው እነሱ ጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ስትጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ «ሚጢጢ አሁን ብቻዋን ነው ከእማዬ ጋር የምትተኛው?» የሚል ነበር። አያችሁ፣ የማልድን ልጅ ነበርኩ።

እጄ ደግሞ ጉድ አፈላ። ሲነጋ ሊጡን ስነካው ቅቤው እንደ ውሃ ሆነ። እጄ ትኩስ ነው፤ ከሚጢጢም የባሰ። ያን ቀን ያቀዘቀዘው ገንዳው ነበር። እጄ ትኩስ መሆኑ ከታወቀ ወደ እናቴ እንደሚመልሱኝ ገባኝ። ጤነኛ ልጅ ብትሆን ሮጣ ሄዳ «እጄ ትኩስ ነው፣ መልሱኝ» ትላለች። እኔ ግን እኔን መልሰው ሚጢጢን ሲያመጡ፣ እሷ ሰማያዊው አልጋ ላይ ስትንፈላሰስ ታየኝ። ስለዚህ በየማለዳው ወደ አደባባዩ እየሮጥኩ እጄን እስኪደነዝዝ ገንዳው ውስጥ እነክር ነበር። ለወራት። ጣቶቼ አብጠው ተሰነጣጠቁ። አንድ ቀን ጋሼ ከኋላዬ መጣና እጄን ከውሃው አውጥቶ በሽርጡ ጠቀለለው። «ገና ሊጡን በነካሽ ቀን አውቄያለሁ» አለኝ። «ዳቦ ላይ ትሠሪያለሽ። እርሾ ሙቅ እጅ ይወዳል።» ለሚስቱም ለእናቴም ሳይናገር ሞተ።

እናቴ ዓመት ፈቃዷን ስታገኝ ከሚጢጢ ጋር ትመጣ ነበር። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣና ታየኛለች። «ተመችቶሻል?» ትለኛለች። «ተመችቶኛል» እላታለሁ። የሚጢጢ ፀጉር ሁልጊዜ በእናቴ እጅ የተጎነጎነ ነበር፤ ዓይኔ ከዚያ ጉንጉን አይነሳም። ዓመት ሙሉ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ «እንሂድ» እንድትለኝ። ሻይዋን ትጨርሳለች፣ ትስመኛለች፣ ትሄዳለች። አንዷ ልጇ በቅታት ነው እል ነበር። በዚያ ቂም አደግኩበት፤ ባልም አገባሁበት፣ ልጅም ወለድኩበት።

እናቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ እህቴ ልብሷን ለሁለት ከፍላ ድርሻዬን ይዛልኝ መጣች። አሁን ነርስ ናት፤ እዚያው እናቴ አንሶላ ታጥብበት የነበረው ሆስፒታል ትሠራለች። የሚሸጠውን ለሠራተኛዋ ትቼ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ተቀመጥን። የእናቴን ሹራቦች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያጣጠፈች ሳለ በድንገት «እንዴት ስቀናብሽ እንደኖርኩ» አለች።

«አንቺ? በእኔ?»

«ቤት ያለሁት እኔ፣ የሚወራው ስለ አንቺ። ትልቋ ይሄንን ትወደው ነበር፣ ትልቋ ይሄኔ ቁመቷ የት ደርሶ ይሆን። ለእኔ ጫማ ልትገዛ ገብታ እንኳ አንድ ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን አንስታ ስታገላብጥ ነው የምትቆየው።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት እናቴን ብቻዋን ይዛብኛለች ያልኳት ሴት ናት ይህን የምትለኝ። ስለ ባርኔጣው ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ክርንሽን አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ሱፉ ጆሮዬን ይበላኝ ነበር። በመሄዱ አልተከፋሁም፤ ያለቀስኩት አክስቴ ትቆጣኛለች ብዬ ነው።»

ሳቅን። ከዚያ ቀሪውን ነገርኳት፤ ስለ ደነዘዘው እጄ፣ ስለ ቅቤው፣ እናቴ ትንሿ ትሁን ስለማለቷ። ሳቋ ቆመ።

«ስለዚህ መቅረት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

የእናቴን ቡናማ ሹራብ አጥፋ ጨረሰችና ፈታችው፣ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

«እኔም የምነግርሽ አለኝ» አለች። «ልንጠይቅሽ ስንመጣ ቶሎ ወደዚህ አንመጣም ነበር። እማዬ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ትልና እኔን ትጠይቀኛለች። ሁለት ልጅ የሚያስገባ ክፍል ተሰጥቶን ነበር፤ ከሄድን በሦስተኛው ዓመት። ዘንድሮ ልጠይቃት? እንሂድ ብላት እሺ ትለኛለች? እያለች። የመረጥሽው አንቺ ስለሆንሽ እንቢ እንዳትያት ትፈራ ነበር።»

«አንቺስ ምን ትያት ነበር?»

«አትልሽም እላት ነበር። እዚያ ለምዳለች፣ አንቺን አትፈልግሽም።» ቀና አላለችም። «ፀጉሬን የሚጎነጉን እጅ ለሁለት እንዳይካፈልብኝ ነው።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። መጠየቅ እስክትተው ድረስ።»

ተነስቼ ምድጃውን ከፈትኩ፣ ምንም የሚታይ ሳይኖር ዘጋሁት። ዞሬ ሳያት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ሹራብ ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛ፣ ልክ ያን ቀን ድንቹን እንዳቀፈችው፣ ፊቴን እየጠበቀች ነው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «ብትጠይቅሽ ኖሮ እሺ ትያት ነበር?»

እናቴ ብትጠይቀኝ ሽርጤን ሳልፈታ ነበር የምከተላት። ምድጃ ውስጥ ዳቦ ቢኖርም ይረር ብዬ፣ አልጋውንም አሻንጉሊቷንም ዞሬ ሳላይ፣ አውቶብሱ ላይ ቀድሜያት እገኝ ነበር።

«አልላትም ነበር» አልኳት። «ልክ ነሽ።»